ደጃፍ ላይ የተኛው ያረጀ ውሻ

ዛሬ የምንመዝነው አንድ መጽሐፍ አይደለም፤ አንድን ጉዳይ የነኩ ልዩ ልዩ ጽሑፎችን ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያለን። ጉዳዩም ይህ ነው፦ ሰው የሚወደውን ያረጀ ውሻ ሲሰናበት።

«ይህ ደግሞ ለመንፈሳዊ መጽሔት ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሜዳውን ነጭ ሲያለብሰው፣ በአንኮበር ዳገት ሥር ጅብ ሲጮኽ፣ ውሻ የቤት ጌጥ አይደለም፤ የበረቱ ዘበኛ ነው። አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት በጎቹን ጠብቆ፣ እንግዳ ሲመጣ ጮኾ አስታውቆ፣ ልጆቹን እስከ መንገዱ ድረስ ሸኝቶ፣ አንድ ቀን የኋላ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ዐይኑ ይደፈርሳል፤ ጆሮው ይደነቁራል፤ ጥርሱ ያልቃል፤ ሲጠጉት ጅራቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። በዚያ ሰሞን ከቤቱ ልጆች አንዱ ጓሮ ዞሮ ሲያለቅስ ቢገኝ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፦ «ምን ሆነሃል? ውሻ እኮ ነው!»

የዛሬው ጽሑፌ ከዚህች አጭር አነጋገር ጋር ክርክር አለው። አነጋገሯ ግማሽ እውነት አላት፤ ውሻ ሰው አይደለም። የቀረው ግማሽ ግን ልጁን ሌላ ነገር ያስተምረዋል፦ ያገለገለህ ፍጡር ጉልበቱ ሲያልቅ ዋጋውም አብሮ ያልቃል። ይህን የተማረ ልጅ ነገ አያቱ አልጋ ላይ ሲውሉ ምን ያስባል? ስለዚህ ጽሑፎቹን በአንድ ጥያቄ እንመዝናቸው፦ ጸሐፊው ውሻውን አይቶታል ወይስ ለሌላ ነገር ተጠቅሞበት ብቻ አልፏል?

ቋንቋችን የሚያውቀው ውሻ

ከራሳችን እንጀምር። «ደመ ከልብ» የሚለውን አነጋገር ሰምታችኋል። «ከልብ» በግእዝ ውሻ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ሲባል ጠያቂ የሌለው፣ እንደ ውሻ ደም የትም ፈስሶ የቀረ ማለት ነው። ግእዙን የማያውቅ ወጣት «ከልብ» የሚለውን ከልብ መውደድ ጋር ሊያገናኘው ይችላል፤ አነጋገሩ የሚናገረው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ማንም በልቡ ያልያዘውን ሞት። ምሳሌዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የምንለው ስለ ውሻ ታማኝነት ልንመሰክር አይደለም፤ ለሆዱ ያደረን ሰው ልንነቅፍ ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ስንልም ጉዳያችን አጥሩ ነው።

እነዚህን አነጋገሮች አልጠላቸውም፤ አጭርና የሰሉ ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ ውሻን የሚያዩት ሲጮኽ፣ ሲበላ፣ ሲቀድ ነው፤ ጉልበት እያለው። ከበጓ ጋር አነጻጽሩት። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» እንላለን። እዚህ ላይ በጓ ውስጥ አላት፤ ትተማመናለች፤ የምትተማመንበትም ጌታ አላት። ላታቸው የከበደ በጎች በሚረቡበት በእኛ ደጋ ይህ አነጋገር ቢወደድ አያስገርምም። ያችን በግ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያደረው ግን በምሳሌው ውስጥ ስሙ አልተነሣም።

40 መስመር የማይሞላ ስንብት

በዓለም ሥነ ጽሑፍ በዚህ ጉዳይ ቀድሞ የሚጠራው የግሪኩ ሆሜር «ኦዲሴይ» ነው። ከ12,000 በላይ መስመሮች ባሉት በዚህ ረጅም ግጥም፣ በ17ኛው ክፍል፣ አርጎስ የተባለ ውሻ 40 መስመር የማይሞላ ቦታ ተሰጥቶታል። ኦዲሴዩስ ወደ ትሮይ ጦርነት ከመሄዱ በፊት ያሳደገው ውሻ ነው። ጌታው በሃያኛው ዓመት፣ ጠላቶቹ እንዳያውቁት የለማኝ ልብስ ለብሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ አርጎስ ደጃፉ ላይ የፍግ ክምር ላይ ተኝቷል፤ ተባይ ወርሶታል። በጉልበቱ ዘመን የበረሃ ፍየልና ጥንቸል ያሳድድ የነበረ ውሻ ነው። ጌታውን ያውቀዋል፤ ጆሮውን ጣል አድርጎ ጅራቱን ይቆላል፤ ተነሥቶ ሊጠጋው ግን አቅም የለውም። ኦዲሴዩስም ቀርቦ ሊዳብሰው አይችልም፤ ማንነቱ ይታወቅበታልና። አብሮት ካለው እረኛ ሰውሮ እንባውን ይጠርጋል፤ ስለ ውሻው ይጠይቃል፤ ወደ አዳራሹ ይገባል። አርጎስም ያን ጊዜ ይሞታል።

ይህን ክፍል ታላቅ ያደረገው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሆሜር እርጅናን አላስዋበም። ፍጉንም ተባዩንም ጽፏል። ሁለተኛ፣ ውሻውን አላናገረውም፤ እንደ ሰው እንዲያስብ አላደረገውም። ጆሮና ጅራት ብቻ ሰጠው፤ እውነተኛ ውሻም ያለው እሱን ነው። ሦስተኛ፣ ጥፋቱን ለባለቤቱ አስቀምጧል። እረኛው ስለ ውሻው ሲመልስ፣ የቤቱ ጌታ ሲጠፋ አገልጋዮች ሥራቸውን ይተዋሉ የሚል ነገር ይናገራል። የቤቱ መበላሸት መጀመሪያ የታየው በውሻው ላይ ነው።

እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ወዲያው የሚመጣብኝ ሉቃስ 16 ነው። ጎን ለጎን አንብቧቸው። በሁለቱም ባለጠጋ ቤት አለ፤ በሁለቱም ውስጥ ግብዣ አለ፤ በሁለቱም ደጃፍ ላይ የተጣለ አለ፤ በሁለቱም ለማኝና ውሻ ይገናኛሉ። በግሪኩ ግጥም የተጣለው ውሻው ነው፤ ለማኝ የመሰለው ሰው ያለቅስለታል። ጌታ በተናገረው ታሪክ የተጣለው አልዓዛር ነው፤ ወደ እሱ የሚመጡት ውሾች ናቸው። ውሾቹ ቁስሉን መላሳቸው ውርደቱን ለማክበድ የተነገረ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ በአይሁድ ዘንድ ውሻ ንጹሕ እንስሳ አልነበረምና። ከግብዣው ቤት ሰው ይልቅ ውሾች ቀረቡት ብለው የሚያነቡም አሉ። እኔ ሁለቱ ንባቦች የሚጣሉ አይመስለኝም። ውርደቱ እውነት ነው፤ የቀረቡት እነሱ ብቻ መሆናቸውም እውነት ነው። ሁለቱም ታሪኮች አንባቢውን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ በደጅህ የተኛውን ስንት ጊዜ ተሻግረኸው ገባህ?

የነቢዩ በግ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንስሳን እንደ ቤተሰብ መውደድ በግልጽ የተጻፈበት ቦታ 2ኛ ሳሙኤል 12 ነው። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት መጥቶ የአንድ ድሃ ታሪክ ይነግረዋል። ድሃው ያለችው አንዲት በግ ናት፤ ከጉርሻው ትበላለች፣ ከዋንጫው ትጠጣለች፣ በብብቱ ትተኛለች፣ እንደ ልጁም ናት። ባለጠጋው የራሱን መንጋ ሰስቶ እሷን ወስዶ ለእንግዳው አዘጋጃት። ዳዊት ይህን ሰምቶ ይነድዳል።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ተመልከቱት። ናታን የሚናገረው ስለ ኦርዮና ስለ ሚስቱ ነው፤ በጓ ምሳሌ ናት። ሆኖም ምሳሌ ናት ብሎ አላቀለላትም። ጉርሻውን፣ ዋንጫውን፣ ብብቱን አንድ በአንድ ቆጠረ። የድሃውን ልቅሶ ደግሞ አልጨመረም፤ እዚያ ጋ ዝም አለ፤ ቁጣውን ለሰሚው ተወለት። ሰሚው ማን እንደ ሆነ አስታውሱ። ዳዊት ልጅ ሳለ የአባቱን በጎች ይጠብቅ የነበረ፣ ለአንድ ጠቦት ሲል ከአንበሳና ከድብ ጋር የታገለ ነው። ናታን ወደዚያ እረኛ ልጅ ነው የተናገረው። ንጉሡ ለበጓ ያዘነ ልብ ባይኖረው ኖሮ ፍርዱ በራሱ ላይ ሲመለስ አይሰማውም ነበር።

እንግዲህ ለእንስሳ ማዘን ለሰው ማዘንን ይቀንሳል የሚለው ስጋት በዚህ ምዕራፍ ፊት አይቆምም። እዚህ ላይ ለበግ ያዘነው ልብ ነው ለንስሐ በር የከፈተው።

ውሻዋን ያላያት ጸሐፊ

አሁን ደግሞ አገራችንን ወደሚነካ መጽሐፍ እንሂድ። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 «ንጉሠ ነገሥቱ» የሚል መጽሐፍ በቋንቋው አሳተመ፤ በ1983 በእንግሊዝኛ ወጣ፤ በዓለምም እጅግ ተወደሰ። መጽሐፉ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው፤ የአንኮበሩ ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልጅ ስለ ሆኑት ንጉሥ። መጀመሪያው ላይ የምናገኘው ሉሉን፣ የንጉሡን ትንሽ ውሻ ነው። በስሙ መነሻ ፊደል ብቻ የተጠቀሰ አንድ አገልጋይ፣ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና በሳቲን ጨርቅ መጥረግ ለአሥር ዓመት ሥራው እንደ ነበረ ይናገራል።

አንባቢ ይስቃል። መኳንንቱ ይዋረዳሉ፤ ንጉሡ መሳቂያ ይሆናሉ። ግን ሃሮልድ ማርከስን የመሰሉ የኢትዮጵያ ታሪክ ምሁራን የመጽሐፉን ታማኝነት አጥብቀው ተችተዋል። እኛም በራሳችን ሚዛን እንየው። መጽሐፉ ሉሉን የጃፓን ዘር ይላታል፤ በፎቶግራፍ ከንጉሡ ጋር የምናያት ትንሿ ውሻ ግን ቺዋዋ ናት፤ የዘሯም አገር ሜክሲኮ ነው። ይህ ትንሽ ስሕተት ይመስላል። ለእኔ ግን ምልክት ነው፤ ጸሐፊው ውሻዋን አላያትም። የፈለጋት ለቀልዱ ነው። አንድ ሸምገል ያለ ንጉሥ፣ ብዙ ሰው በሚሰግድለት አዳራሽ ውስጥ፣ ምንም የማትለምነውን አንዲት ትንሽ ፍጡር ጭኑ ላይ ለምን እንዳስቀመጠ መጽሐፉ አይጠይቅም። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ንጉሡን መንቀፍ አያቅተውም ነበር፤ ነቀፋው ግን ስለ አንድ ሰው የተነገረ ነቀፋ ይሆን ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ ሌላ ዓይነት አጠቃቀም አለ፤ እሱም ማስለቀስ ነው። ብዙዎቻችሁ የጃፓኑን ውሻ የሃቺኮን ታሪክ በፊልም አይታችኋል። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ጌታው ፕሮፌሰር ኡዬኖ እ.ኤ.አ. በ1925 ሞቱ፤ ውሻው እስከ ሞተበት እስከ 1935 ድረስ ወደ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ጠበቃቸው። በሕይወት ሳለም ሐውልት ቆመለት። በ2009 የወጣው የአሜሪካ ፊልም ግን ታሪኩን ወደ አሜሪካ ወስዶ፣ ሙዚቃ አልብሶ፣ ጣቢያውን በደግ ሰዎች ሞላው። በእውነተኛው ታሪክ በ1932 ጋዜጣ ስለ እሱ እስኪጽፍ ድረስ በጣቢያው ብዙ ሰው ያን ውሻ ይገፋው ነበር። ፊልሙ ይህን ስላለዘበው እንባችን ቀላል ሆነ። ከሐውልቱ በፊት የነበረውን የተገፋ ውሻ ብናይ ኖሮ የራሳችንን እግር እናይ ነበር።

ከማዕድ ሥር

ወደ ቃሉ እንመለስ። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ውሻ ጥሩ የሚናገርባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ጳውሎስ ሐሰተኞችን አስተማሪዎች በውሻ ይመስላቸዋል፤ ራእይ 22 ከከተማይቱ ውጭ የሚቀሩትን በዚያው ስም ይጠራል። እነዚህ ስለ ሰው ክፋት የተነገሩ ናቸው፤ በዚያ ዘመን በከተማ ቅጥር ውጭ ሬሳ የሚበሉ ባለቤት አልባ ውሾችን የሚያውቅ ሰው ምሳሌውን ወዲያው ይረዳዋል።

በማቴዎስ 15 ግን ሌላ ውሻ አለ። ከነናዊቱ ሴት ስለ ልጇ ስትለምን ጌታ የተናገረው ቃል በግሪኩ የማሳነሻ ቅርጽ አለው፤ የቤት ውሾችን፣ ትንንሾቹን የሚያመለክት። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ይህን «ቡችሎች» ብሎ ተርጉሞታል። ይህ የተርጓሚ ጥንቃቄ ነው፤ ሉቃስ 16 ላይ «ውሾች» ያለውን እዚህ ላይ አልደገመውም። ሴቲቱም ይህን ቃል ይዛ ገባች። ቡችላ ውጭ አይደለም፤ ማዕዱ ሥር ነው፤ የሚጠብቀውም ፍርፋሪ የጌታው ነው። እምነቷን ያስረዳችበት ሥዕል በየቤታችን ከገበታ ሥር የምናየው ነው።

የጦቢትን መጽሐፍ በኛ ቀኖና አንቀበለውም፤ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ግን ከ81ዱ ጋር ይቆጥሩታል። በዚያ ውስጥ የጦቢት ልጅ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ይከተላቸዋል፤ ሲመለሱም ይመለሳል። በታሪኩ ውስጥ አንዳች አያደርግም፤ አብሮ ይሄዳል ብቻ። ውሻውን ለምንም ያልተጠቀመበት ጸሐፊ ቢኖር ይህ ነው፤ ስላየው ጻፈው።

«ሰማይ ይገባል ወይ?»

ስለ ውሻ ሞት የሚጽፉ ብዙ ወጣቶች እዚህ ጋ ሲደርሱ ይሰናከላሉ። አንዱ ውሻውን ክንፍ አልብሶ ወደ ሰማይ ያስገባዋል፤ ሌላው «ነፍስ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ከተጻፈው አልፈው ይሄዳሉ። መክብብ 3 ስለ ሰውና ስለ እንስሳ እስትንፋስ ሲናገር በጥያቄ ነው የሚያቆመው። ሮሜ 8 ፍጥረት ሁሉ እንደሚቃትትና ነጻነትን እንደሚጠብቅ ይናገራል። መዝሙር 36 እግዚአብሔር ሰውንም እንስሳንም እንደሚያድን ያመሰግናል። ሉቃስ 12 ርካሿ ድንቢጥ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንደማትረሳ ያስተምራል። ከእነዚህ የሚገኘው ዝርዝር ካርታ አይደለም። የሚገኘው የማይረሳ አምላክ ነው። ለሚያለቅስ ታናሽ ወንድማችሁ ይህን መናገር ትችላላችሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ቃል መግባት ግን አያስፈልግም።

እውነት የጎደለው ፍቅር

አንድ ነገር ልጨምር። ውሻን የሚወድ ጽሑፍ ሰዎች ውሻን ለምን እንደሚፈሩም መናገር አለበት። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ይኸው በሽታ በመንዝ ጓሳ የሚኖረውን፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን ቀይ ቀበሮንም ከቤት ውሾች እየተላለፈ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ውሻን መውደድ በግጥም አይጀመርም፤ በክትባት ይጀመራል። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ሕይወት ያስባል ሲል እንዲህ ያለውን ሥራ ሁሉ ያጠቃልላል።

ስንብቱም እንዲሁ ነው። ያረጀ ውሻ በደብረ ብርሃን ብርድ ደረቅ ጭድና ነፋስ የማይገባበት ጥግ ይፈልጋል፤ ጥርሱ ካለቀ የራሰ እንጀራ፤ ውሃው እንዲደርስለት ቅርብ ቦታ። ስቃዩ ከበዛ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል፤ ሐኪሙ በመርፌ ያሳርፈው ቢል ልጆቹ እውነቱ ይነገራቸው፤ «ጠፋ» ወይም «ገጠር ሄደ» አይባል። በጆንያ ከቶ ሩቅ ሜዳ መጣል ግን ስንብት አይደለም። ሲሞት ጉድጓዱ ጅብ እንዳያወጣው ጠለቅ ይበል፤ ድንጋይም ይጫንበት። ይህን ሁሉ ያለ ተረት፣ እንደ ሆነው የጻፈ ልጅ ቢኖር ጽሑፉን ከሃቺኮ ፊልም አስበልጬ አነበዋለሁ።

በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባችሁ 2ኛ ሳሙኤል 12ን፣ ማቴዎስ 15ንና ሉቃስ 16ን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በተከታታይ አንብቡ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ ስለ ነበረ አንድ እንስሳ አንድ ገጽ ጻፉ፤ መቻልም ይባል ቦቢ በስሙ ጥሩት። እንስሳውን አታናግሩት፤ ምን ይበላ፣ የት ይተኛ፣ ማንን ይከተል እንደ ነበር ጻፉ። ሲያረጅ በቤታችሁ ማን ምን እንዳደረገለት፣ ማንም ምንም አላደረገለት እንደ ሆነም ያንኑ ጻፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ገጹን በቤታችሁ ላሉት አረጋዊ አንብቡላቸው፤ የሚሉትንም ስሙ።